ከፈረሰ ቤት መሠረት የወጣ ገንቦ፦ የአሮጌ ብሮች ዋጋ እንዴት እንደተመረመረ

መነሻ

ሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር ብዙ በማይርቅ አንድ የገጠር ቀበሌ ነው። አንድ ቤተሰብ የአያቶቹን ቤት አፍርሶ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ሊሠራ መሠረት ያስቆፍራል። ከድሮው ምሰሶ አጠገብ ዶማው አንገቱ የተሰበረ ትንሽ ገንቦ ነካ። ገንቦው ውስጥ ብር ነበር።

እኔ አሮጌ ሳንቲም የምሰበስብና የማጠና ሰው ነኝ። ከቤተሰቡ ጋር ያገናኘን የጋራ ወዳጅ ነው። የሰዎቹንም የቀበሌውንም ስም አልጽፍም። ጉዳዩን ግን ከነዝርዝሩ ማስቀመጥ ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ገንቦ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ነገር አንድ ዓይነት ነውና፦ ይፈተጋል፣ ይከፋፈላል፣ አንጥረኛ ቤት ገብቶ ይቀልጣል። ምን እንደነበር ሳይታወቅ ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል።

አካባቢው የንግድ ታሪክ ያለው ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ በሸዋ ነገሥታት ዘመን ታላቅ ገበያ ነበረች። የአሞሌ ጨው፣ ቡናና ጠገራ ብር የሚገናኙባት ቦታ ናት። በዚያ አገር መሬት ውስጥ የተቀበረ ብር መገኘቱ አይገርምም።

የተገኘው ምን ነበር

ገንቦው ውስጥ 31 ሳንቲሞች ነበሩ። 22ቱ ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ብር ናቸው። 6ቱ የዳግማዊ ምኒልክ ብር ናቸው። 3ቱ ደግሞ የምኒልክ ግርሽ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙ የማይበልጡ ትንንሽ ናቸው።

ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ የቤቱ አባወራ የወንድም ልጅ ከወርቅ ፈላጊዎች ብረት ጠቋሚ ተከራይቶ መጣ። ሰዉ በአጭሩ «ማሽን» የሚለው መሣሪያ ነው። ግቢውን ሲያስስ ዋለ። ምስማር፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ አንድ የጥይት ቀለህ፣ 2 ጠገራ ብርና አንድ የመዳብ አሥር ሳንቲም አወጣ። ሳንቲሙ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለበት፣ በእኛ አቆጣጠር 1936 የሚል ነው። ከዚያ ሁሉንም ከገንቦው ብር ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ጨመረው። ይህ ፌስታል በኋላ ብዙ ነገር አበላሽቷል።

ችግሩ፦ ሦስት ሰው፣ ሦስት ዋጋ

እኔ ከመድረሴ በፊት ሦስት ሰዎች ዋጋ ሰጥተው ነበር።

አንደኛው የከተማው አንጥረኛ ነው። ሁሉንም በሚዛን፣ በብርነቱ ልግዛችሁ አለ። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ደላላ ነው። አንዱን የምኒልክ ብር አንስቶ ለአባወራው፣ «ጋሼ፣ ይቺ የ1887ቷ ናት። ውጭ አገር ሚሊዮን ታወጣለች። ይቺን አንዷን ብቻ ይስጡኝ፣ ሸጬ ብሩን ላምጣልዎ» አላቸው። ሦስተኛው ስልክ ነው። ወጣቶቹ «አሮጌ ሳንቲም ያላችሁ ሚሊየነር ናችሁ» የሚሉ ቪዲዮዎችን አይተው የቤቱን ወጪ በሐሳባቸው ጨርሰዋል።

በእኔ ግምት ከሦስቱ ለእውነት የሚቀርበው አንጥረኛው ነበር። ቢያንስ የሚገዛውን ነገር ያውቃል። ግን እሱ ከሳንቲሙ ላይ የሚያየው ብሩን ብቻ ነው። ዓመቱ፣ የተመታበት አገርና ገንቦው የሚናገረው ታሪክ በሚዛን አይገባም።

በዚህ መሐል የቤቱ ልጆች ደላላው እንዲያምርለት ብለው ከምኒልኮቹ አራቱን በሎሚና በአመድ ፈትገዋቸዋል። አንዱን በሽቦ ስፖንጅ ነበር። የአንበሳው ፊት ጠፍቷል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ምስል የሌለበት ሜዳው በሙሉ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል። ያ ጭረት በምንም አይመለስም።

መጀመሪያ የቆሙት ነገሮች

ከዋጋ በፊት ሦስት ነገር እንዲቆም ተስማማን። አንደኛ፣ ማንም አይፈትግም። ሁለተኛ፣ አንድም ሳንቲም ከቤት አይወጣም፤ «ላሳይና ልመልስ» የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛ፣ ማሽኑ ይመለሳል።

ሦስተኛው ክርክር ነበረው። ወጣቱ ሰው ግቢያችን ነው፣ ምን አገባቸው አለ። ግን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግልጽ ነው። ቅርስ ለመፈለግና ለመቆፈር ፈቃድ ያስፈልጋል። ለግንባታ ሲቆፍር ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። መሠረት ሲቆፈር የወጣው ገንቦ አጋጣሚ ነው። ብረት ጠቋሚ ይዞ ግቢ ማሰስ ግን አጋጣሚ አይባልም። አባወራው ይህን ሲሰሙ ነገሩን ራሳቸው ጨረሱት። «በል መልስ፣ ልጄ» አሉት፤ በቃ።

ምርመራው

ሊሸጥ የማይችል ነገር ዋጋው ለምን ይመረመራል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። መልሱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ በመንገድ ላይ በሌላ ቢለወጥ ማንም አይነቃም። 24 ጠገራ ሰጥተህ 24 ጠገራ ትቀበላለህ፤ ግን የአንተዎቹ አይደሉም።

ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ነጠላ ተነጠፈ። ለእያንዳንዱ ሳንቲም ቁጥር ያለው የወረቀት ፖስታ ተዘጋጀ። የወርቅ ሚዛን ተገኘ። አፈር የያዙት በንጹሕ ውኃ ተዘፍዝፈው፣ ሳይታሹ በጨርቅ ላይ ደረቁ። አረንጓዴ ዝገት ያለባቸው እንዳሉ ተተዉ። አረንጓዴው ከብሩ ጋር ከተቀላቀለው መዳብ የሚመጣ ነው፤ እሱን ማንሣት የባለሙያ ሥራ ነው።

በጠገራው እንጀምር። ሁሉም 1780 ይላል። ወጣቶቹ «ከ200 ዓመት በላይ ነው» ብለው ተደስተው ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ነጋዴው ሕዝብ ያን ብር ስላመነ፣ ከሞተችም በኋላ ዓመቱን ሳይለውጡ መምታቱን ቀጠሉ። በቪየና ብቻ አይደለም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ መምቻ ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብሎ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሮም ላይ አስመታ። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ለንደን፣ በኋላም ቦምቤይና በርሚንግሃም መቱት። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ብቻውን ስለ ዕድሜ ምንም አይነግርም። የሚናገሩት ትንንሾቹ ነገሮች ናቸው፦ የንስሩ የጅራት ላባ ብዛትና አቀማመጥ፣ ደረቷ ላይ ባለው ጌጥ ያሉ ፈርጦች፣ የፊደሎቹ ቅርጽ። የድሮ ሰዎቻችን ገበያ ላይ ብር ሲቀበሉ ፈርጦቹን በጣት እየነኩ የሚቆጥሩት በከንቱ አልነበረም።

ትክክለኛ ጠገራ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ያሉን በአብዛኛው ከ27.5 እስከ 28 ግራም መዘኑ። እጅ በእጅ ሲዞር ለኖረ ብር ይህ ጤነኛ ክብደት ነው። ጠርዛቸው ላይ በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚለው ጽሑፍ ይነበባል፤ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው።

አንዱ ግን 26.1 ግራም ሆነ። ጠርዙን ዞር ዞር አድርገን ስናይ ጽሑፉ ደብዛዛ ነው፤ በአንድ በኩልም ቀጭን መስመር አለ። ይህ ሁለት ቅርጽ ገጥሞ የፈሰሰ ብረት ምልክት ነው። እውነተኛው ብር ይመታል እንጂ አይፈስስም። ለማረጋገጥ የውኃውን ፈተና አደረግን። ሚዛኑ ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ተቀምጦ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሳንቲሙ በስፌት ክር ታስሮ፣ ታቹን ሳይነካ፣ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውኃ ነው። ደረቁን ክብደት ለዚያ ማካፈል ነው።

ጤነኛው 27.8 ግራም፣ 2.73 አሳየ። ሲካፈል 10.2 ገደማ ይመጣል። የዚህ ዓይነት ብር እዚያው አካባቢ ነው መውደቅ ያለበት። ተጠርጣሪው 26.1 ግራም፣ 2.98 አሳየ። 8.8 ገደማ ነው። ይህ ብር አይደለም፤ ነሐስ መሰል ነገር ላይ ብር የተቀባ ነው። ቤተሰቡ ደነገጡ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ድሮ በንግድ ላይ የዋለ ሐሰተኛ ብር ራሱ ታሪክ ነው፤ አንድ ሰው በዚያ ተታልሎ፣ እንደ እውነተኛ ቆጥሮ ከሌሎቹ ጋር ቀብሮታል።

ምኒልኮቹ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበራቸው። ፓሪስ ላይ የተመቱ ናቸው፤ የመምቻ ቤቱ ምልክት የሆነችው የላቲን «ኤ» አለችባቸው። ክብደታቸው ከጠገራው ጋር እንዲስተካከል ሆኖ የተሠሩ ናቸው። ዋጋቸውን የሚወስነው ዓመቱ ነው። ዓመቱ የተጻፈው በግእዝ ቁጥርና በእኛ አቆጣጠር ነው፦ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭፤ ማለትም 1887፣ 1889፣ 1892 እና 1895። የ፲፰፻፹፯ቱ ብር በጣም ጥቂት ስለተመታ ሰብሳቢ ይፈልገዋል። ሌሎቹ በብዙ መቶ ሺህ የተመቱ ናቸው።

የደላላው «1887» መብራት ጠፍቶ የስልክ ባትሪ በአግድም ሲበራበት ራሱን ገለጠ። በቀጥታ ብርሃን ያለቀ ቁጥር አይታይም። በአግድም ሲበራ ግን ትንሿ እብጠት ጥላ ታወጣለች። የመጨረሻው ፊደል ፯ ሳይሆን ፱ ነበር። ፹ እና ፺ ሲምታቱ ደግሞ አንበሳው ይረዳል፦ በ1887ና በ1889 ብሮች ላይ ያነሣው ግራ እግሩን ነው፣ በ1892ና በ1895 ላይ ቀኙን። በመጨረሻ ከስድስቱ ሦስቱ የ1889፣ ሁለቱ የ1892፣ አንዱ የ1895 ሆኑ። የ1887 የለም።

ግርሾቹ ሦስቱም የ1895 ናቸው። ያ ዓመት ያለበት ግርሽ በብዙ ሚሊዮን ተመትቷል። 1.4 ግራም ብቻ ናቸው። የሚያምሩ ናቸው፣ ውድ ግን አይደሉም።

ታዲያ ዋጋው?

የመጀመሪያው ወለል የብሩ ዋጋ ነው። 27.8 ግራም የሚመዝን ጠገራ በ0.833 ሲባዛ 23.2 ግራም ንጹሕ ብር ይወጣዋል። ይህን በዕለቱ የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ ማባዛት ነው። አንጥረኛ ከዚህ ዝቅ አድርጎ ይገዛል፤ ማቅለጫውና ትርፉ አለበት። ይህን ስሌት የሚያውቅ ገበሬ በቀላሉ አይበላም።

ከዚያ በላይ ያለው የሰብሳቢ ዋጋ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ሰው የጠየቀው ዋጋ አይደለም፤ በጨረታ ተሸጦ የተከፈለው ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው ሳንቲሙን ሚሊዮን ብሎ ሊለጥፈው ይችላል፤ አልተሸጠም እኮ! በተሸጠው ከሄድን፣ ኋላ የተመቱ ጠገራዎች ከብርነታቸው ብዙም አይርቁም። የምኒልክ ብር ደህና ሆኖ ከተገኘ የብሩን ዋጋ በብዙ ያልፋል። የተፈተገ፣ የተበሳ ወይም ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነ ግን በእጅጉ ይወርዳል። ከስድስቱ አራቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሎሚና በአመድ የወረዱት እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ዋጋ የገንቦው ነው፣ እንዳለ በአንድነቱ። ማን መቼ እንደቀበረው ቢታወቅ፣ ገንቦው ስለ አካባቢው ገበያ ብዙ ይናገራል። ጠገራ ከምኒልክ ብር መብዛቱ ራሱ ምስክር ነው፤ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካወጡም በኋላ ገበያው ለረጅም ጊዜ ጠገራውን ይመርጥ ነበር።

የቤቱ አሮጊት እናት «አባቴ በጣሊያን ጊዜ ነው የቀበረው ይባል ነበር» አሉ። ሊሆን ይችላል። ጣሊያን ሊሬውን ሊያስለምድ ሲታገል ብዙ ሰው ጠገራውን ሸሽጓል። ከምኒልኮቹ ሁሉ አዲሱ የ1895 ስለሆነ ገንቦው ከዚያ በፊት አልተቀበረም። ግን ያ የ1936ቱ አሥር ሳንቲም አለ። ገንቦው ውስጥ ከነበረ፣ ብሩ የተቀበረው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ የእናትየው ታሪክም ይፈርሳል። ግቢው ውስጥ ብቻውን ወድቆ ከነበረ ደግሞ ከገንቦው ጋር ምንም አያገናኘውም። ቆፋሪው «ከገንቦው ነው» አለ። ማሽን የያዘው ወጣት «እኔ ነኝ ከበሩ አጠገብ ያወጣሁት» አለ። ፌስታሉ መልስ የለውም። ከጠገራዎቹ መካከል የሮም ምት መኖር አለመኖሩ ጥያቄውን ሊያጠበው ይችላል፤ ያንን ባለሙያ እንዲያየው በማስታወሻ ላይ ጻፍን።

ወደ ወረዳው

አባወራው የቀበሌ ሊቀ መንበሩን ይዘው ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዱ። እዚያ የጠቀመን ነገር ዝርዝሩ ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም ቁጥር፣ ክብደት፣ ዓመት፣ የፊትና የጀርባ ፎቶ ነበረው። ስለዚህ ርክክቡ «አሮጌ ብሮች፣ ብዛት 34» ተብሎ ሳይሆን አንድ በአንድ ተጻፈ። አባወራው የተፈረመና ማኅተም ያለበት ቅጂ ይዘው ተመለሱ። የተሰበረው ገንቦም ከነስባሪው አብሮ ገባ።

ያልተሳካም አለ። ቢሮው ውስጥ ሳንቲም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉንም መልሰው አንድ ላስቲክ ውስጥ ሊያደርጉት ሲሉ፣ ፖስታዎቹ እንዳሉ እንዲቀመጡ ማሳመን ረጅም ወሬ ፈጀ። አዋጁ በአጋጣሚ ያገኘውን ላስረከበ ሰው ሽልማት እንዲሰጥ ያዛል። ጥያቄው በጽሑፍ ገብቷል፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ መልስ አልመጣም። ከቤተሰቡ ውስጥ «ዝም ብለን ብንሸጠው ይሻለን ነበር» የሚል አለ። እንዲህ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ማሳወቅ ሰው የሚጎዳበት ነገር ከመሰለ፣ ቀጣዩ ገንቦ በቀጥታ ወደ አንጥረኛ ነው የሚሄደው። ወረዳዎች መልስ ሲያዘገዩ ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ።

ለሌላው የሚጠቅም

ብር ከመሬት ከወጣ የመጀመሪያው ሥራ ፎቶ ነው፤ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ፣ አጠገቡ ዶማ ወይም እስክሪብቶ ለመጠን ተቀምጦ። ከተለያየ ቦታ የወጣው በተለያየ ፖስታ ይገባል፤ ፖስታው ላይ ቦታው ይጻፋል። ወረቀት ከፕላስቲክ ይሻላል። ሎሚ፣ አመድ፣ አጃክስ፣ ሽቦ ስፖንጅ አይነኩትም። ሚዛን ከማንም አስተያየት ይቀድማል። «አንዷን ስጡኝና» የሚል ሰው ሲመጣ ዝርዝሩ መሠራት ያለበት ያኔ ነው።

ከአያት በጌጥ ወይም በጥሎሽ የወረደ ጠገራ ሌላ ነገር ነው። ቤተሰብ በእጁ ሊያቆየው ይችላል። ይዞ ከአገር ለመውጣት ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ አየር ማረፊያ ላይ የሚያዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን አያውቁም። መልኩን ለማነጻጸር ለሚፈልግ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የድሮ ገንዘቦችን ያሳያል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ብረት ጠቋሚ ይዛችሁ የምትወጡም አላችሁ። ሕጉ እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ መጀመሪያ የባለ መሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ ወርቅ ወይም ብር ያላቸው ሁለትና ከዚያ በላይ ሳንቲሞች ከአንድ ቦታ ከተገኙ በ14 ቀን ውስጥ ይነገራል። ሙዚየም ከፈለጋቸው በገለልተኛ ኮሚቴ ይገመታሉ፤ ሽልማቱም በአብዛኛው በአግኚውና በባለ መሬቱ መካከል ይከፈላል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ በ1978ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ መሠረት ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ነው፤ ያለ ፈቃድ ጥንታዊ ዕቃ በብረት ጠቋሚ መፈለግ ያስከስሳል። መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ አንብቡ።